የንግድ ሥራ አስተዳደር ተማሪና ያልተጠየቀው ዕውቀት

በሆሳዕናና በሐዲያና ከምባታ ከተሞች ስላሉ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



ስለ ንግድ ሥራ አስተዳደር ትምህርት በተነገረና በተጻፈ ቁጥር አብዛኛው ቃል የሚውለው በሥርዓተ ትምህርቱ፣ በመምህራኑ ብዛትና በተመራቂው የሥራ ዕድል ላይ ነው። ተማሪው ራሱ ወደ ክፍል ሲገባ ምን ዕውቀት ይዞ እንደሚገባ፣ ሁለት ዓመት ቆይቶ ሲወጣም ከያዘው ውስጥ ምኑን እንደ ጣለና ምኑን እንዳተረፈ ግን እምብዛም አይጠየቅም። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህንኑ ጥያቄ በአንድ የተወሰነ አካባቢ፣ ይኸውም በሆሳዕናና በዙሪያዋ ባሉት የሐዲያና የከምባታ ከተሞች መመርመር ነው። አካባቢው የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሆሳዕና በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. የተቋቋመው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች፤ በቀድሞ ስሟ በዋቸሞ የተሰየመ ዩኒቨርሲቲም አላት። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የአካባቢው ሕዝብ ንግድን በሁለት ዐይነት ትምህርት ቤት ይማራል፤ አንደኛው ምዝገባና የምረቃ ካባ ያለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ይህ ሁሉ የለውም። ሁለቱ በአንድ ቤት ውስጥ፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ እናት ልጆች መካከል እየኖሩ አይነጋገሩም።

ኤም.ቢ.ኤ. በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የንግድ ሥራ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ በዩኒቨርሲቲ ዓለም ገና ወጣት ነው። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤቱን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1908 ነበር። በዚያን ጊዜ መምህራኑ የሚያስተምሩበት መጽሐፍ እንኳ በቅጡ አልነበራቸውም። ስለዚህ አርች ሾው የተባለው የቺካጎ መጽሔት አሳታሚ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባደራጀው ትምህርት፣ ነጋዴዎችና የፋብሪካ ባለቤቶች ወደ ክፍል እየመጡ በዚያው ሰሞን ያስቸገራቸውን ጉዳይ ለተማሪዎቹ ይናገሩ፣ ተማሪዎቹም የየራሳቸውን መፍትሔ ጽፈው ያቀርቡ ጀመር። ዛሬ በዓለም የተስፋፋው በተጨባጭ ጉዳይ የማስተማር ዘዴ ከሕግ ትምህርት ቤት የተወረሰ ቢሆንም፣ አንዱ ሥሩ ይኸው የነጋዴዎቹ ምልልስ ነው። ይህ ታሪክ የተነሣው ለጌጥ አይደለም፤ ወደ ንግግሩ ፍጻሜ ተመልሶ ይፈለጋል።

በአገራችን ዘመናዊ የንግድ ትምህርት የጀመረው በ1935 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተከፈተው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ሥራ አስተዳደር ኮሌጅ ተቋቋመ። ሁለተኛው ዲግሪ በሰፊው የታወቀው ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲሆን፣ በወቅቱ የአገሪቱ መሪ የነበሩት አቶ መለስ ዜናዊ እ.ኤ.አ. በ1995 ይህንኑ ዲግሪ ከእንግሊዝ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በርቀት ትምህርት ማግኘታቸው በመንግሥት ሠራተኛው ዘንድ ለስሙ መግነን ሳይረዳ አልቀረም። ከዚያ ወዲህ የሕንዱ ኢንዲራ ጋንዲ ናሽናል ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ከቅድስት ማርያም ጋር በመተባበር ያስተማራቸው የርቀት ተማሪዎች ተከተሉ። የሆሳዕናና የዱራሜ ሰው በበኩሉ ይህን ትምህርት ለመቅመስ ለረጅም ጊዜ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ጅማ መውጣት ነበረበት። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ፣ በኋላም በዱራሜ ካምፓስ ከከፈተና የድኅረ ምረቃ ትምህርቱን ካስፋፋ ወዲህ ግን መንገዱ አጠረ። የባንክ ሠራተኛው ሥራውን ሳይለቅ፣ መምህሩም ቤተሰቡን ሳይበትን ለመማር ቻለ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከዚህ በታች የሚሰነዘረው ትችትም ይህን ለማሳነስ አይደለም።

በእነዚህ ከተሞች በሁለተኛ ዲግሪ ክፍል ውስጥ የሚቀመጠው ተማሪ በመማሪያ መጽሐፉ ሽፋን ላይ እንደሚታየው ዐይነት የግዙፍ ኩባንያ ሹመት የሚጠባበቅ ጎልማሳ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የባንክ ሠራተኛ፣ የዞን ወይም የወረዳ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ፣ የኅብረት ሥራ ዩኒየን ሒሳብ ሹም ወይም መምህር ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ አገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍም ግዴታ ሆኖበታል። በሥራ ላይ እያለ የሚማረው፣ ሳምንቱን በሥራ ገበታው ላይ ውሎ ቅዳሜና እሑድ ደብተሩን ይዞ ይወጣል። ከሺንሽቾ፣ ከሾኔ ወይም ከዶዮገና የሚመጣው በዋዜማው ዘመድ ቤት ማደር ይኖርበታል፤ በክረምት ሚኒባሱ በሰዓቱ ላይነሣ ይችላልና። እሑድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በሐዲያና በከምባታ አብዛኛው ሕዝብ የወንጌላውያን አማኝ እንደ መሆኑ የእሑድ ጧት የጉባኤ ሰዓት ነው፤ ሒሳብ የተማረ ሰው ሲገኝ ደግሞ ምእመናኑ ገንዘብ ያዥ አድርገው ከመምረጥ አይመለሱም። እንግዲህ ከመዘምራኑ ተለይቶ፣ የመባውን ቆጠራ ለሌላ አደራ ሰጥቶ፣ ስለ ካፒታል አወቃቀር ሊማር የሚገባ ተማሪ ምን ያህል እንደ ከፈለ በመዝገብ ቤቱ ደረሰኝ ላይ አይታይም።

ለምን እንደሚማር ቢጠየቅ መልሱ ቀጥተኛ ነው፤ ለደረጃ ዕድገት ይላል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለኃላፊነት በሚደረግ ውድድር የትምህርት ማስረጃ ነጥብ አለው፤ በባንክም እንዲሁ። በዚህ መልስ የሚያፌዙ ምሁራን አሉ። ይሁን እንጂ ደመወዙ በወሩ አጋማሽ የሚያልቅበት የሦስት ልጆች አባት ዕድገትን ቢፈልግ የሚያስነቅፍ ነገር የለውም። ይልቁንስ የሚያስገርመው ለዕድገት ብሎ የገባው ይኸው ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ ከልቡ መማር መጀመሩ ነው። የገንዘብ አስተዳደር መምህሩ በሰሌዳው ላይ የሚጽፈው ቀመር በየቀኑ በመስኮቱ የሚያስተናግዳቸውን ተበዳሪዎች የሚመለከት መሆኑን ሲገነዘብ ዐይኑ ይከፈታል። የሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ውሳኔ ብርን ለገበያ ዋጋ በለቀቀው ጊዜ አንዱ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ፣ የውጭ ምንዛሪ ምዕራፍ ከመጽሐፍ ወጥቶ ወደ ገበያ ገባ። በጥር ወር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ሥራ ሲጀምርም እስከዚያ ድረስ እንደ ባዕድ አገር ተረት ይነበብ የነበረው የአክሲዮን ገበያ ትምህርት አገርኛ ጉዳይ ሆነ።

ይሁን እንጂ ከእነዚህ አልፎ አልፎ ከሚመጡ አጋጣሚዎች በቀር፣ ክፍሉ ስለ ሩቅ አገር ኩባንያዎች በእንግሊዝኛ የሚነገርበት ስፍራ ነው። ተማሪው በቤቱ ሐዲይኛ ወይም ከምባትኛ፣ በመሥሪያ ቤቱ አማርኛ ይናገራል፤ በክፍል ደግሞ ሦስተኛ ቋንቋ ይጠብቀዋል። ሦስት ቋንቋ ማወቅ ሀብት መሆኑ አይካድም። ችግሩ እያንዳንዱ ቋንቋ የራሱን ዕውቀት ይዞ ለብቻው ተዘግቶ የተቀመጠ እንደ ሆነ ነው፤ በእንግሊዝኛ የተማረው ስለ ፋብሪካ ክምችት፣ በእናቱ ቋንቋ የሚያውቀው ስለ እንሰት ጓሮ ይሆንና ሁለቱ አንድ ጉዳይ መሆናቸው ሳይታየው ይመረቃል።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። በሐዲያና በአጎራባች ሕዝቦች ዘንድ ዊጆ የሚባል የሴቶች ማኅበር አለ። አባላቱ በየጊዜው የተወሰነ መጠን ቅቤ እያዋጡ ለአንዷ በተራ ይሰጣሉ። አሥር ሴቶች በየሳምንቱ አንድ አንድ ኪሎ ቢያዋጡ የመጀመሪያዋ ተረኛ ከሌሎቹ ዘጠኝ ኪሎ ቅቤ ያለ ወለድ ተበድራለች ማለት ነው፤ የመጨረሻዋ ደግሞ ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ ስታበድርና ስትቆጥብ ቆይታ ታገኛለች። የገንዘብ የጊዜ ዋጋ የሚባለው ትምህርት የመጀመሪያዋ ተጠቃሚ፣ የመጨረሻዋ ተጎጂ ናት ብሎ ያበቃል። ማኅበርተኞቹ ግን ከዚህ አልፈው ያውቃሉ። የቅቤ ዋጋ መስቀል ሲቃረብ ስለሚወጣ ተራዋ በዚያን ጊዜ የደረሰላት ሴት፣ ኪሎው እኩል ቢሆንም፣ ያገኘችው እኩል አይደለም። ወልዳ የተኛች፣ ልጅ የምትድር ወይም ሐዘን የደረሰባት ሴት ስትኖር ተራ ይለወጥላታል፤ ስለዚህ ማኅበሩ ቁጠባ ብቻ ሳይሆን ኢንሹራንስም ነው። ውሃ የበዛበት ወይም የቆየ ቅቤ ያመጣች ሴት ወሬዋ ከገበያ ቀድሞ ይደርሳልና የዕቃው ጥራት ያለ ተቆጣጣሪ ይጠበቃል። ከሁሉም የሚደነቀው ቁጠባው በብር ሳይሆን በቅቤ መሆኑ ነው። በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ በሆነበት ወቅት በሣጥን የተቀመጠ ብር በየወሩ ሲመነምን፣ የቅቤ ባለ ዕዳዋ የምትመልሰው ያንኑ ቅቤ ነበር። ከዋጋ ንረት ራስን የመከላከል ዘዴ በሚል ርእስ ለብዙ ሰዓት የሚሰጠውን ትምህርት ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች በሥራ ላይ አውለውታል።

እንሰትም ቢሆን እንዲሁ ነው። የክምችት አስተዳደር ትምህርት በተለምዶ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1913 ፎርድ ሃሪስ የተባለው መሐንዲስ ባሳተመው ቀመር ነው፤ ቀመሩ የወጣበት መጽሔት አሳታሚ ደግሞ ቀደም ሲል የተጠቀሰው የአርች ሾው ድርጅት ነበር። ሃሪስ የጠየቀው፣ ብዙ ዕቃ በአንድ ጊዜ ቢገዛ የማከማቻው ወጪ ይበዛል፤ ጥቂት ጥቂት ቢገዛ የምልልሱ ወጪ ይበዛል፤ እንግዲህ ልኩ ስንት ነው? የሚል ነበር። የሐዲያና የከምባታ ገበሬ ይህንኑ ጥያቄ በጓሮው መልሶታል፤ ያውም ዕቃው እየቆየ በሚያድግበት ሁኔታ። እንሰት ለመድረስ እንደ ቦታው ዐይነት አራት ዓመትም ሰባት ዓመትም ስለሚፈልግ፣ ብልኅ ቤተሰብ የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ረድፎች ጎን ለጎን ያቆማል። የእህል እጥረት በመጣ ጊዜ የደረሰው ይፋቃል፤ ጥጋብ በሆነ ጊዜ ቆሞ ያድጋል። የተፋቀውም ቢሆን በጉድጓድ ተቀብሮ ለወራት ይቆያል። ማከማቻው ኪራይ አይጠይቅም፤ የሚፈራው የእንሰት አጠውልግ በሽታ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ ተጽፎ በሃሪስ ቀመር ጎን ቢቀርብ ተማሪው ስለ ቀመሩም ስለ ጓሮውም የተሻለ በተረዳ ነበር። ነገር ግን እጁን አውጥቶ፣ «እናቴ እንዲህ ታደርጋለች» የሚል የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ከየት ይመጣል? ክፍሉ የተማሩ ሰዎች ስፍራ ነውና ያፍራል።

ከዊጆና ከእንሰት ይልቅ በዝምታ የሚታለፈው ግን የደቡብ አፍሪቃው ንግድ ነው። ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ የሐዲያና የከምባታ ወጣት በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ በኩል እያቋረጠ ወደ ደቡብ አፍሪቃ ሲጓዝ ኖሯል። እዚያ ሲደርስ ብዙዎቹ የሚጀምሩት ብርድ ልብስና ልብስ ተሸክመው ሎኬሽን በሚሏቸው የጥቁሮች መንደሮች ቤት ለቤት በዱቤ በመሸጥ ነው። ለማን ዱቤ እንደሚሰጥ፣ ዕዳው በስንት ጊዜ እንደሚሰበሰብ፣ ደመወዝ የሚከፈልበት ቀን መቼ እንደሆነ፣ የቱ ዕቃ እንደሚዞርና የቱ እንደሚተኛ በሦስት ወር ውስጥ ይማራሉ፤ ያልተማረ ይከስራልና። ቀጥሎ ትንሽ ሱቅ ይከፈታል። በጆሃንስበርግ መሐል ከተማ፣ በቀድሞ ስሙ ጄፒ በሚባለው ጎዳና፣ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች የጅምላ ንግድ ሠፈር እስከ መመሥረት ደርሰዋል። ይህ ሁለተኛው ትምህርት ቤት ነው። ክፍያው ግን ከባድ ነው። በግንቦት ወር 2000 ዓ.ም. በባዕዳን ላይ በተነሣው ሁከት በደቡብ አፍሪቃ 62 ሰዎች ሞተዋል። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ በተባለው ክፍለ ሀገር በአንድ የጭነት ኮንቴይነር ውስጥ የ64 ኢትዮጵያውያን አስከሬን ተገኝቷል። በታኅሣሥ ወር 2015 ዓ.ም. ደግሞ በዛምቢያ ከሉሳካ አጠገብ ኢትዮጵያውያን ናቸው የተባሉ 27 ሰዎች ሞተው መንገድ ዳር ተጥለው ተገኝተዋል። ሆሳዕና ላይ እንዲህ ያለ ወሬ በተሰማ ቁጥር ድንኳን የሚተከለው በአንድ ቤት ብቻ አይደለም።

ለትምህርቱ ጉዳይ ዋናው ነገር የሁለቱ ትምህርት ቤቶች ግንኙነት ነው። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪው የምዝገባ ገንዘብ ሲጎድለው የሚሞላው ብዙውን ጊዜ ጆሃንስበርግ ያለው ወንድሙ ነው። የሰጪውና የተቀባዩ ግንኙነት ደግሞ እንደሚገመተው ሁልጊዜ ለስላሳ አይደለም። ከአሥረኛ ክፍል አቋርጦ የሄደው ታናሽ ወንድም ፎቅ ሲሠራ፣ ቀመር የሚያጠናው ታላቅ ወንድም በኪራይ ቤት ይኖራል። በበዓል ሰሞን ታናሽየው ስልክ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ ትምህርቱ መቼ ነው የሚያልቀው?» ብሎ ሲጠይቅ በቃሉ ውስጥ አክብሮት አለ፤ ሌላም ነገር አለ። ታላቅየው በበኩሉ ወንድሙ የሚያውቀውን የዱቤ አሰባሰብ ጥበብ ሊጠይቀው አይደፍርም። በዚህ ሁኔታ ሁለት ዕውቀቶች በአንድ የስልክ መስመር ጫፍና ጫፍ ሆነው ሰላምታ ተለዋውጠው ይለያያሉ።

ተማሪው የሚያውቀውን ለመጠየቅ ሁነኛው ስፍራ የመመረቂያ ጽሑፉ ሊሆን በተገባ ነበር። የአባላቱን ትዕግሥት ለመጠየቅ የሚያስደፍረውም ይህ ክፍል ነው፤ ምክንያቱም በዚህ አዳራሽ ካሉት መካከል በዓመት ውስጥ አንድም መጠይቅ ያልሞላ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። የጽሑፎቹ አርእስት በአገሪቱ ሁሉ እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፤ የዚህ ነገር በዚያ ነገር ላይ ያለው ተጽዕኖ፣ የእገሌ ባንክ ቅርንጫፍ እንደ ማሳያ፣ የሚሉ ናቸው። የናሙናው ብዛት ታሮ ያማኔ በተባለው ሊቅ ቀመር ይሰላል። ጠቅላላው ሕዝብ 1000 ከሆነና የስሕተት ወሰኑ 5 በመቶ ከተባለ ናሙናው 286 ይሆናል፤ ይህም ቁጥር 286 ወረቀት በፎቶ ኮፒ ቤት ይባዛል ማለት ነው። ያማኔ በሆሳዕና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ገበያ ላይ ያለው ተጽዕኖ ራሱ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ሳይወጣው አይቀርም።

መጠይቁ የሚጻፈው ሬንሲስ ላይከርት እ.ኤ.አ. በ1932 ባወጣው መለኪያ መሠረት ነው፤ በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ እያለ እስከ በጣም አልስማማም ይወርዳል። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ ወደ አማርኛ ይተረጎማል፤ በሱቁ ደጃፍ ላይ ደግሞ ተማሪው ራሱ ለነጋዴው በሐዲይኛ ያስረዳዋል። ነጋዴው የሚያውቀው የጎረቤቱ ልጅ ነው። ልጁ ደክሞ ስለመጣ አልስማማም ብሎ ሊያሳዝነው አይፈልግም። ከዚህም ጋር ወረቀቱ ወደ ግብር ሰብሳቢው እንደማይደርስ እርግጠኛ አይደለም። ስለዚህ ከላይ እስከ ታች፣ እስማማለሁ፣ ይላል። ከዚያ ሁሉም ወደ ኮምፒዩተር ይገባል፤ ኤስ.ፒ.ኤስ.ኤስ. የተባለው ፕሮግራም ነጋዴው በትሕትና የሰጠውን መልስ እስከ ሦስተኛ አሃዝ አስልቶ ይመልሳል።

ይህ ሲባል መለካት ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በልኬት የሚያምኑ መምህራን የሚያቀርቡት መከራከሪያ ብርቱ ነው። ተማሪው አውቃለሁ የሚለው የሠፈር ወሬ ሊሆን ይችላል፤ የአጎቱን ሱቅ አይቶ ስለ ከተማው ሁሉ ሊናገር ይችላል፤ ቁጥር ከዚህ ያድነዋል ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ቁጥር የሚያድነው ጥያቄው ትክክል ሲሆን ብቻ ነው። ለምሳሌ በብድር አመላለስ ላይ የሚጠና ጥናት ይወሰድ። ቀድሞ ኦሞ ማይክሮፋይናንስ ይባል የነበረውና በኋላ ኦሞ ባንክ የሆነው ተቋም በእነዚህ ከተሞች ለትንንሽ ተበዳሪዎች ሲያበድር ኖሯል፤ ስለዚህ ርእሱ በተማሪዎች ዘንድ ይወደዳል። መጠይቁ ከውጭ መጽሔት የተቀዳ በመሆኑ ስለ ሥልጠና፣ ስለ ክትትልና ስለ ወለድ መጠን ይጠይቃል። ተማሪው ግን፣ እዚያው ተወልዶ ያደገ እንደ መሆኑ፣ የተበዳሪ አቅም በመስከረም ወር እንደሚዳከም ያውቃል፤ በሐዲያ የያሆዴ፣ በከምባታ የመሳላ በዓል ወጪ ይመጣልና። ወንዶቹ ቱታ በሚሉት ማኅበራቸው ለበሬ መግዣ ዓመቱን ሙሉ ሲያዋጡ መክረማቸውን፣ ያም መዋጮ ከማናቸውም ዕዳ እንደሚቀድም ያውቃል። ከጆሃንስበርግ የሚላከው ገንዘብ ከዘገየም አንዳንዱ ተበዳሪ እንደሚዘገይ ያውቃል። እነዚህ ሁሉ ሊለኩ የሚችሉ ነገሮች ናቸው፤ ወርና ብር አላቸው። ነገር ግን ቀደም ያለ ጽሑፍ አልጠቀሳቸውም ተብሎ በመጠይቁ ውስጥ አይገቡም። ተማሪው የሚያውቀውን ሰውሮ የማያውቀውን ይለካል፤ የሥልጠና ተጽዕኖ አዎንታዊና ጉልህ ነው ብሎም ይደመድማል። ባንኩ ያንን ጽሑፍ ተቀብሎ በመደርደሪያ ቢያኖረው የሚፈረድበት አይደለም፤ የብድር መመለሻውን ወር ከመስከረም ወደ ጥር ለማዛወር የሚያስችል አንድም ፍሬ ነገር አላገኘበትምና።

ታዲያ የማኅበሩ አባላት ከዚህ ጉዳይ ጋር ምን ያገናኛቸዋል? እዚህ ላይ የአርች ሾው ታሪክ ይፈለጋል። ሃርቫርድ የራሱን መጽሐፍ ሳይጽፍ በፊት በሩን ለነጋዴ ከፈተ። በሐዲያና በከምባታ ከተሞች መጽሐፉ ገና አልተጻፈም። የሒሳብ መዝገቡ፣ የብድር ዶሴው፣ የዩኒየኑ የስንዴ ግዢና ሽያጭ ሰነድ ያለው በዚህ ማኅበር አባላት እጅ ነው። ሒሳብ ሹሞቹ፣ ኦዲተሮቹና የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆቹ ናቸው የየከተማውን ንግድ ገመና የሚያውቁት። ምስጢር መጠበቅ የሙያው ግዴታ መሆኑ ይታወቃል፤ ለዚህም የቆየ መላ አለ። የባለቤቱ ስምና የከተማው ስም ይለወጣል፤ ቁጥሮቹ ሁሉ በአንድ ድብቅ አሃዝ ይባዛሉ፤ እንዲህ ሲደረግ የእርስ በርስ ምጣኔያቸው ሳይፋለስ የማን እንደሆኑ አይታወቅም። ነጋዴውም መዝገቡ እንዲጻፍ ከመፍቀዱ በፊት ረቂቁ ሊነበብለት ይገባል፤ በሚናገረው ቋንቋ።

የሚጻፈው ጉዳይ ረጅም መሆን አያስፈልገውም፤ ስምንት ገጽ ይበቃዋል። የዶዮገና በግ አርቢዎች የተሻለውን አውራ በግ ለዘር አስቀርተው የቀረውን መቼና ለማን እንደሚሸጡ አንድ ጉዳይ ነው። የቆጮ አከፋፋይዋ ከጉድጓድ እስከ አዲስ አበባ ገበያ ድረስ በመንገድ ላይ የሚጠፋባት ክብደት ሌላ ጉዳይ ነው። ዲግሪው በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ቢሆንም፣ ባለ ጉዳይዋ ራሷ ወደ ክፍል ስትመጣ ውይይቱ በአማርኛ ወይም በሐዲይኛ ቢካሄድ የትምህርቱን ደረጃ አያወርደውም፤ ፈተናው ከዚያ በኋላ በፈለገው ቋንቋ ሊሆን ይችላል። የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪዎችም፣ ቢያንስ ፈቃደኛ ለሆነ ተማሪ፣ በ286 ወረቀት ፈንታ አንድን ድርጅት ለስድስት ወር ተከታትሎ እንዲጽፍ ቢፈቅዱለት የሚበጅ ይሆናል። መለኪያውን ትቶ አይደለም፤ መጀመሪያ አይቶ፣ ቀጥሎ ምን መለካት እንዳለበት ወስኖ ነው።

ለናሙና ያህል አንድ ጉዳይ በምናብ ተነድፎ ቢቀርብ እንዲህ ሊሆን ይችላል። በአንድ ከተማ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ አለ። ገንዘቡን የላከው ደቡብ አፍሪቃ ያለው ወንድም ነው፤ ሕንፃውን የምታስተዳድረው የንግድ ሥራ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ያላትና በባንክ የምትሠራው እህት ናት። ምድር ቤቱ ለሱቅ ተከራይቷል፤ ሁለቱ ፎቆች አልጋ ቤት ናቸው፤ የላይኛው አልተጠናቀቀም። ወንድም ከምንዛሪው ለውጥ ወዲህ የሚልከው ራንድ ብዙ ብር ስለሆነለት የላይኛው ፎቅ ተጨርሶ ሙሉው ቤት ሆቴል እንዲሆን ይፈልጋል። እህት ደግሞ የሲሚንቶና የብረት ዋጋም አብሮ እንደ ወጣ፣ አልጋዎቹ ስብሰባ በሌለበት ወር እንደማይሞሉ መዝገቧ ይነግራታል። ከሱቅ ተከራዮቹ ሁለቱ ኪራያቸው ሳይጨመር ለሦስት ዓመት እንዲፈራረሙ ጠይቀዋል፤ አንደኛው የአጎት ልጅ ነው። ወንድም በስልክ፣ «አንቺ ተምረሻል፤ ንገሪኝ» ብሏታል፤ መልሷንም እስከ ወሩ መጨረሻ ይጠብቃል።